ብዙውን ቍጥር በጥቂት ቍጥር ስለ ማስረዳት
በጌዴኦ ዞን የመሬት፣ የቡናና የእንሰት ምሳሌ የቀረበ

በየዞኑና በየወረዳው የግብርናን ሥራ ለምትመሩ ሹማምንትና ባለሙያዎች ሁሉ።

ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞንም ወደ በላይ የሚላከው የሥራ መግለጫ ዋና ፍሬው ቍጥር ነው። ስንት ቤት እንዳለ፣ እያንዳንዱ ቤት ምን ያህል መሬት እንደ ያዘ፣ ቡናው ስንት እንደ ሰጠ፣ ምን ያህል ችግኝ እንደ ተተከለ የሚታወቀው በቍጥር ነው። ነገር ግን የአንድ ወረዳ ገበሬ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ የእያንዳንዱን ስምና ልክ በዝርዝር ጽፎ ለበላይ መላክ አስቸጋሪ ነው፤ ቢላክም አንብቦ የሚጨርሰው አይገኝም። ስለዚህ ብዙውን ቍጥር በጥቂት ቍጥር አሳጥሮ ማቅረብ ግድ ሆኗል። ይህን የማሳጠር ሥርዓት የሚያስተምረው ዕውቀት ስታቲስቲክስ ይባላል።

ሆኖም በማሳጠር ጊዜ ሳይጻፍ የሚቀር ነገር መኖሩ አይካድም። አጭሩን ቍጥር ተቀብሎ ትእዛዝ የሚሰጠው ሹም፣ ሳይጻፍ የቀረው ነገር የስንት ቤት ኑሮ እንደ ነበረ ሊያይ አይችልም። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ፣ አማካይ የሚባለው ቍጥር ብቻውን ተጽፎ ሲላክ እንዴት እንደሚያሳስት፣ ከእርሱም ጋር ምን ምን ቍጥር መጨመር እንደሚገባ ለማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የጌዴኦን ዞን መርጠናል። ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱም ጠባብ ስለ ሆነ፣ በወረቀት ላይ የሚደረግ ጥቂት ስሕተት ፈጥኖ ከገበሬው ገበታ የሚደርስበት አገር ነውና።

1ኛ፤ ስለ አገሩ

የጌዴኦ ዞን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ይገኛል። ዋና ከተማው ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ከእርሱ አልፎ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ወናጎና ይርጋ ጨፌ ይገኛሉ። የይርጋ ጨፌ ቡና በዓለም ገበያ በስሙ ተለይቶ የሚታወቅ ነው። ቡሌን የመሰለው ደጋ ደግሞ ብርድ ስለሚበረታበት ኑሮው ከቡና ይልቅ በእንሰትና በገብስ ላይ የቆመ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ በወይና ደጋው ቡናን ለብቻው አይተክልም። ከላይ ታላላቅ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱም ጋር ቡና በአንድ ማሳ ተቀላቅሎ ይበቅላል። እንሰቱ ለምግብ፣ ቡናው ለገንዘብ፣ ዛፉ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ነው። ይህ ከአባቶች የተወረሰ የእርሻ ሥርዓት ያለበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቈጠራ በዞኑ የተቈጠረው ሕዝብ 847,434 ነበር። ከዚህም ውስጥ 424,742 ወንዶች፣ 422,692 ሴቶች ናቸው። በከተማ የሚኖረው 107,781 ሲሆን፣ የተቈጠሩት ቤተሰቦች 179,677 ነበሩ። የዞኑም ስፋት 1,210.89 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል። ቈጠራው ከተደረገ ብዙ ዓመት ስላለፈ እነዚህን ቍጥሮች የምንጠቅሰው ለዛሬው ሥራ መነሻ እንዲሆኑ ሳይሆን ለትምህርት እንዲረዱ ነው።

2ኛ፤ አማካይ ምን እንደ ሆነ

አማካይ ማለት ጠቅላላው ተደምሮ ለሁሉ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ልክ ነው። ከላይ የተጻፈውን ሕዝብ 847,434ን ለ179,677 ቤተሰቦች ብናካፍለው ለአንዱ ቤተሰብ 4.72 ሰው ይደርሳል። እንዲሁም ሕዝቡን በካሬ ኪሎ ሜትር ብናካፍለው ለአንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ይሆናል።

ነገር ግን አራት ሰው ከሰባ ሁለት መቶኛ የሚኖርበት ቤት በዞኑ ሁሉ ቢፈለግ አይገኝም። በአንዱ ቤት ሁለት፣ በሌላው ዘጠኝ ሰዎች ይኖራሉ። እንዲሁም የዲላ ከተማና የደጋው ገጠር በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የያዙት ሰው እኩል አይደለም። ስለዚህ አማካይ ጠቅላላውን ለመስፈር ይረዳል፤ የእያንዳንዱን ቤት ኑሮ ግን አይመሰክርም። ለአንድ ቀበሌ ጠቅላላ ምን ያህል እህል እንደሚያስፈልግ ለማስላት አማካይ ይበቃል። እህሉ ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን ግን አይበቃም።

3ኛ፤ አማካይ የሚያሳስትበት ጊዜ

ነገሩ እንዲገለጥ ለትምህርት ብቻ የተበጀ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በአንድ መንደር 11 ገበሬዎች አሉ እንበል። የያዙት መሬት ከትንሹ ወደ ትልቁ ተሰልፎ በሄክታር ሲጻፍ እንደሚከተለው ነው፤

0.12፤ 0.15፤ 0.18፤ 0.20፤ 0.22፤ 0.25፤ 0.25፤ 0.30፤ 0.35፤ 0.48፤ 3.00።

ድምሩ 5.50 ሄክታር ነው። ለ11 ሲካፈል አማካዩ 0.50 ሄክታር ይሆናል። የልማት ሠራተኛው «በዚህ መንደር አንድ ገበሬ በአማካይ ግማሽ ሄክታር መሬት አለው» ብሎ ቢጽፍ ሒሳቡ አልተሳሳተም። ነገር ግን ሰልፉን መልሳችሁ ተመልከቱ። ከ11 ገበሬዎች 10ሩ ግማሽ ሄክታር የላቸውም። አማካዩን ከፍ ያደረገው ሦስት ሄክታር የያዘው አንድ ሰው ነው። እርሱ ከሒሳቡ ቢወጣ የቀሩት የአሥሩ አማካይ 0.25 ሄክታር ብቻ ይሆናል።

አሁን ይህ ቍጥር ወደ ትእዛዝ ሲለወጥ የሚሆነውን እንመልከት። የበላይ መሥሪያ ቤት «ግማሽ ሄክታር ካለው እያንዳንዱ ገበሬ 500 አዲስ የቡና ችግኝ ይትከል» ብሎ ቢያዝ፣ ችግኙም በየሁለት ሜትር ርቀት ቢተከል፣ በአንድ ሄክታር 2,500 ስለሚገባ 500 ችግኝ 0.20 ሄክታር ይይዛል። በወረቀት ላይ ላለው የአማካይ ገበሬ 0.30 ሄክታር ለእንሰትና ለሌላው ይተርፈዋል። በመንደሩ ውስጥ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገበሬዎች መሬታቸው በሙሉ ቢሰጥም ለችግኙ አይበቃም። አራተኛው አንድ እንሰት የሚተክልበት ቦታ አይቀርለትም። በሰልፉ መካከል ያለው ስድስተኛው ገበሬ የሚተርፈው 0.05 ሄክታር ብቻ ነው። በጌዴኦ ቡናና እንሰት በአንድ ማሳ ተቀላቅለው ይበቅላሉ ቢባልም፣ ቦታው ሲሞላ አንዱ ሌላውን ማጥበቡ አይቀርም። ለእነዚህ ገበሬዎች ያ ግማሽ ሄክታር «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ሆነባቸው ማለት ነው።

4ኛ፤ መካከለኛው ቍጥር

ከዚህ ስሕተት የሚያድነው ሁለተኛው መለኪያ መካከለኛ የሚባለው ነው። አወጣጡም ቀላል ነው። ቍጥሮቹ ሁሉ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሰለፋሉ፤ ከሰልፉም መካከል ላይ የቆመው ይወሰዳል። በምሳሌያችን ከ11 መካከል ስድስተኛው ማለት 0.25 ሄክታር ነው። ከእርሱ በታች አምስት፣ ከእርሱም በላይ አምስት ገበሬዎች አሉ። የተሰለፉት ቍጥሮች ጥንድ ሆነው ለምሳሌ 12 ቢሆኑ፣ መካከል ላይ የሚቆሙት ስድስተኛውና ሰባተኛው ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ።

የመካከለኛው ጥቅም በአንድ ባለ ሰፊ መሬት አለመናወጡ ነው። የመጨረሻው ገበሬ የያዘው 3 ሄክታር በመሆን ፈንታ 30 ሄክታር ቢሆን፣ አማካዩ ወደ 2.95 ሄክታር ይዘላል፤ መካከለኛው ግን በ0.25 ጸንቶ ይቆያል። ስለዚህ የመሬት ይዞታና የገንዘብ ገቢ ሲጻፍ፣ ማለት ጥቂቶች ብዙ፣ ብዙዎች ጥቂት በሚይዙበት ነገር ሁሉ፣ መካከለኛው ከአማካዩ ጋር አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ሁለቱ ቍጥሮች የተቀራረቡ ከሆኑ ሰዎቹ በሁለቱም ወገን ተመጣጥነው እንደ ተሰለፉ ያሳያል። አማካዩ ከመካከለኛው እጅግ የራቀ ከሆነ ግን፣ በሰልፉ ጫፍ ላይ ልክን የጐተተ ነገር እንዳለ ያስታውቃል፤ ሹሙም ይህን ባየ ጊዜ ዝርዝሩን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሦስተኛም መለኪያ አለ፤ ይኸውም ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው ልክ ወይም ዓይነት ነው። ይህ የሚጠቅመው ሊደመር በማይችል ነገር ላይ ነው። ለምሳሌ አብዛኛው ገበሬ የተከለው የትኛውን የእንሰት ዓይነት እንደ ሆነ፣ ወይም ቡናው በአብዛኛው ቀበሌ በየትኛው ወር እንደ ተለቀመ ለመጻፍ አማካይም መካከለኛም አይሠራም፤ የሚጻፈው በብዛት የተገኘው ነው።

5ኛ፤ የልዩነት ስፋት

አማካይና መካከለኛ ቢጻፉም ገና ያልተነገረ ነገር አለ፤ ይኸውም ቍጥሮቹ ተቀራርበው ወይስ ተራርቀው እንደ ሆነ ነው። የቡና ተክል አንድ ዓመት ብዙ አፍርቶ በሚቀጥለው ዓመት ፍሬው የመሳሳት ጠባይ እንዳለው ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል። በብዙ ያፈራ ጊዜ ኀይሉን ለፍሬው ስለሚያወጣ ለመጪው ዓመት የሚሆነው አዲስ ቅርንጫፍ ያንሰዋልና። ለትምህርት የተበጁ ሁለት ገበሬዎች በስድስት ዓመት ውስጥ ያገኙት ጀንፈል ቡና በፈረሱላ እንዲህ ነው እንበል፤

የመጀመሪያው፤ 9፤ 3፤ 10፤ 2፤ 9፤ 3።
ሁለተኛው፤ 6፤ 7፤ 5፤ 6፤ 7፤ 5።

የሁለቱም ድምር 36 ፈረሱላ ነው፤ የሁለቱም አማካይ በዓመት 6 ፈረሱላ ነው። በመግለጫው ላይ ሁለቱ ገበሬዎች እኩል ሆነው ይታያሉ። ኑሯቸው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ከትልቁ እስከ ትንሹ ያለው ልዩነት 8 ፈረሱላ ሲሆን የሁለተኛው 2 ብቻ ነው። አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ስለ ሆነ፣ በክፉው ዓመት ሁለተኛው 85 ኪሎ ሲያገኝ የመጀመሪያው የሚያገኘው 34 ኪሎ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ወይ ይበደራል፣ ወይም ያልደረሰውን እንሰት እየቈረጠ ይበላል። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚፈልግ ተክል ስለ ሆነ፣ በለጋነቱ የተቈረጠው የሚሰጠው ቆጮ ጥቂት ነው፤ የመጪውም ዓመት ስንቅ በዚያው ይጐድላል። ብድርና እርዳታ በየትኛው ዓመት ለማን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው እንግዲህ አማካዩ ሳይሆን የልዩነቱ ስፋት ነው።

ትንሹንና ትልቁን ብቻ መጻፍም አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል፤ አንድ እንግዳ ቍጥር ስፋቱን ሊለጥጠው ይችላልና። ስለዚህ ሰልፉን በአራት ከፍሎ ማየት ይበልጥ ይጠቅማል። በ11ዱ ገበሬዎች ምሳሌ ከመካከለኛው በታች ካሉት አምስት ሰዎች መካከል ላይ የቆመው 0.18 አለው፤ ከመካከለኛው በላይ ካሉት አምስት መካከል ላይ የቆመው 0.35 አለው። እንግዲህ ከመንደሩ ገበሬዎች ከግማሽ የሚበልጡት ከ0.18 እስከ 0.35 ሄክታር ባለው ውስጥ ይገኛሉ ማለት ይቻላል። ይህን ያነበበ ሹም መንደሩን ሳያይ እንኳ የኑሮውን ልክ ሊገምት ይችላል።

6ኛ፤ የአማካዮች አማካይ

በወረዳና በዞን ደረጃ አዘውትሮ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። ይኸውም ከየቀበሌው የመጡትን አማካዮች ደምሮ ለቀበሌዎቹ ቍጥር ማካፈል ነው። ለምሳሌ በአንዱ ቀበሌ 100 ቤቶች በአማካይ 8 ፈረሱላ፣ በሌላው ቀበሌ 400 ቤቶች በአማካይ 3 ፈረሱላ አግኝተው ቢሆን፣ 8ና 3 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 5.5 ይመጣል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። የመጀመሪያው ቀበሌ ጠቅላላ 800፣ የሁለተኛው 1,200፣ በድምሩ 2,000 ፈረሱላ ነው። ለ500 ቤቶች ሲካፈል እውነተኛው አማካይ 4 ፈረሱላ ነው። ብዙ ቤት ያለበት ድሀ ቀበሌና ጥቂት ቤት ያለበት ሀብታም ቀበሌ በእኩል ሚዛን ስለ ተመዘኑ ወረዳው ከእውነቱ ይልቅ የጠገበ መስሎ ታየ። ስለዚህ ቀበሌው አማካዩን ሲልክ የቈጠራቸውን ቤቶች ብዛት አብሮ ካልላከ፣ ወረዳው ትክክለኛውን ሒሳብ ሊያወጣ አይችልም።

7ኛ፤ አንድ ያልሆነውን አለመደመር

ቍጥር ከመደመሩ በፊት አንድ ዓይነት መሆኑ ይመርመር። ቡና በእሸቱ፣ በጀንፈሉና ተፈልፍሎ በንጹሕነቱ ይመዘናል። ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ቡና ታጥቦና ተፈልፍሎ ሲያበቃ አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። ስለዚህ አንዱ ቀበሌ 600 ኩንታል እሸት፣ ሌላው 100 ኩንታል ንጹሕ ቡና ብለው ቢልኩ፣ ምርታቸው የተቀራረበ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ስድስት እጅ የበለጠ ይመስላል። መሬትም በጥማድ ሲነገር የጥማዱ ልክ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ተለክቶ በሄክታር ይጻፍ።

እንዲሁም ደጋውና ወይና ደጋው ተለይተው ይጻፉ። የቡሌን ደጋ ከወናጎና ከይርጋ ጨፌ ወይና ደጋ ጋር ደምሮ «አንድ ቤት በአማካይ ይህን ያህል ቡና አለው» ማለት፣ ቡና ለሌለው ቡና መስጠት፣ ላለው ደግሞ ማሳነስ ነው። የሚወጣው ቍጥር የደጋውንም የወይና ደጋውንም ገበሬ አይገልጽም።

8ኛ፤ ስላልተቈጠረውና ስለ ገበሬው እምነት

በሰንጠረዥ ላይ ባዶ ቦታና ዜሮ የተለያዩ ናቸው። ዜሮ ማለት ተጠይቆ ምንም እንደሌለ ታውቋል ማለት ነው። ባዶ ማለት ገና አልተጠየቀም ማለት ነው። መንገድ በጭቃ ስለ ተዘጋ ያልተደረሰበትን መንደር በዜሮ የሞላ ሰው አማካዩን ያለ አግባብ ዝቅ ያደርጋል። መንደሩን ፈጽሞ ትቶ ከመንገድ ዳር ያሉትን ብቻ የቈጠረ ደግሞ ገበያ የቀረባቸውን ብቻ መዝግቦ አገሩን ሁሉ ቈጠርሁ ሊል ነው። ያልተቈጠረው ስንት እንደ ሆነና ለምን እንደ ቀረ በግልጽ ይጻፍ።

ከዚህም ሁሉ በፊት ገበሬው ለጠያቂው እውነቱን የሚነግረው ሲያምነው ነው። በጌዴኦ ምድር ለብዙ ዘመን የገበሬው ቡና የተቈጠረው ከእርሱ ለመውሰድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ የተደረገው የገበሬዎች ዐመፅ ባለ መሬቶች ከቡናው ይወስዱት ከነበረው ድርሻ ጋር የተያያዘ ነበር። የጭሰኝነት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢሻርም፣ መዝገብ ይዞ ወደ ማሳ የሚመጣን ሰው በጥርጣሬ ማየት በቶሎ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው የሚጠይቅበትን ምክንያት አስቀድሞ ለባለቤቱ ያስረዳ፤ ማሳውን ራሱ ተዘዋውሮ ይይ፤ የተሰበሰበውም ቍጥር ምን እንዳስገኘ ለመንደሩ ተመልሶ ይንገር።

9ኛ፤ በመግለጫ ላይ የሚጻፈው

እንግዲህ ከላይ የተባለው ሁሉ ሲጠቃለል፣ ስለ መሬትም ሆነ ስለ ምርት የሚላክ ማንኛውም አጭር መግለጫ ቢያንስ የሚከተሉትን ይያዝ፤

ሀ) ቈጠራው የተደረገበት ቀንና ቦታ፤ ቦታውም ደጋ፣ ወይና ደጋ ወይም ቆላ መሆኑ፤
ለ) በቦታው ያሉት ቤቶች ብዛት፣ የተቈጠሩት ብዛት፣ ያልተቈጠሩት ብዛትና ምክንያቱ፤
ሐ) መለኪያው፤ ሄክታር፣ ኪሎ ግራም፣ ኩንታል ወይም ፈረሱላ መሆኑ፤ ቡና ከሆነም እሸት፣ ጀንፈል ወይም ንጹሕ መሆኑ፤
መ) ጠቅላላ ድምሩና አማካዩ፤
ሠ) ትንሹ፣ የታችኛው ግማሽ መካከል፣ መካከለኛው፣ የላይኛው ግማሽ መካከልና ትልቁ፤
ረ) ካለፈው ዓመት ልክ ጋር ያለው ልዩነት፣ ቢቻልም የብዙ ዓመት ዝርዝር።

ይህን ሁሉ ለማውጣት ቍጥሮቹን በቅደም ተከተል ማሰለፍ፣ መደመርና ማካፈል ብቻ ይበቃል፤ ለአንድ ቀበሌ የአንድ ቀን ሥራ ቢሆን ነው። የሚቀበለውም ሹም አማካይ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት በደረሰው ጊዜ «መካከለኛውስ ስንት ነው? ስንት ቤት ተቈጥሮ ነው? ከሁሉ ያነሰው የያዘው ምን ያህል ነው?» ብሎ ወደ ላኪው ሊመልሰው ይገባል። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ትእዛዙ ከመውጣቱ በፊት ከተጠየቁ፣ 0.12 ሄክታር የያዘው ገበሬ በመዝገቡ ውስጥ ይታያል፤ ከታየም ከዐቅሙ በላይ የሆነ ችግኝ ተሸክሞ እንሰቱን እንዲነቅል አይገደድም።